የጓሮዬ ነዳጅ

ሰልጥኖ ቤቱ ከሚገባ ባል ሰክሮ የሚገባ ባል ይሻላል!

አትቆጡኝ… ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም። ባለቤቴ አስቴር ናት ያለችው። እሷ ደግሞ ሁለቱንም አግብታ አይታለች፤ ሁለቱም እኔ ነኝ። "የሰከረ ሰው ተኝቶ ሲነሳ ይለቀዋል፤ የሰለጠነ ሰው ግን ተኝቶ ሲነሳ ይብስበታል" ነው የምትለው። ምን ብዬ ልከራከራት? በአንድ ቀን ስልጠና ሳቢያ የጎመን መደቧን ገልብጬባታለሁ፣ በሰፈሩ ራሴን አስጠርጥሬያለሁ፣ የአንድ ልጃችንን ጋብቻ ደግሞ በገዛ ክብሪቴ ላቃጥለው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ አንድ የማውቀው ሰው ደወለና "ጋሽ ተፈራ፣ ቤት ከሚውሉ አንድ ስልጠና አለ፣ ለምን አይካፈሉም?" አለኝ። ርዕሱ ሳርን ለነዳጅ ስለማልማት ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የሐሩር አገር ሳር የማውቀው ካርታ ላይ በቢጫ ቀለም ነው። ሄድኩ። አሰልጣኙ ለግላጋ ወጣት ነው፤ ግድግዳው ላይ ሰው ሁለት ጊዜ ቢደራረብ የማይደርስበት ሳር አሳየን። ዝሆኔ ሳር ይባላል። ሙቀትና ዝናብ ካገኘ እንደ ጉድ ያድጋል፣ አንዴ ከተተከለ ለዓመታት ይታጨዳል፣ ከሱ ኢታኖል ይወጣል፣ ኢታኖሉ ከቤንዚን ጋር ይቀላቀላል፣ በምድጃም ይነዳል።

"ታዲያ ነዳጅ ከውጭ የምናስመጣው ሳር አጥተን ነው?" ብሎ ሲጠይቀን እኔ በሀፍረት አንገቴን ደፋሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ነዳጅ እየረገጥኩ ነዳጅ ማደያ የተሰለፍኩ ሰው!

ከዚያ ወጣቱ "አሁን ደግሞ ወደ ዋናው ችግር እንምጣ" አለ። እኔ ዋናውን ችግር አልሰማሁትም። ምሳ ሰዓት ተቃርቦ ነበር… ስልጠና የምትካፈሉ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ የምሳ ሰልፍ ላይ ወደ ኋላ የቀረ ሰው የሚጠብቀው ሰላጣ ብቻ ነው። ቀስ ብዬ ቀድሜ ወጣሁ። ጥብሱ ደረሰኝ፤ ችግሩ አመለጠኝ።

ማታ ስንበተን ለያንዳንዳችን ደብተር፣ የምስክር ወረቀትና አንድ እስር የዝሆኔ ሳር አገዳ ሰጡን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል የሚባለው? እኔ ሁለቱንም ነበርኩ። እስሩን እንደ ሕፃን ታቅፌ 18 ማዞሪያ ላይ ወደ ሰፈሬ ወደ ዓለም ባንክ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣

"ፋዘር፣ ላሟ ከኋላ እየመጣች ነው?" አለኝ።

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ሳቁ! አልኩ በልቤ። ቤንዚን የጠፋ ዕለት ደጄ ላይ ትሰለፋላችሁ።

አስቴርን ያሳመንኳት በመብራት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ከሰል ስታራግብ ትውላለች፤ "ከእንግዲህ ክብሪት ጭረሽ ድስትሽን መጣድ ብቻ ነው" አልኳት። ጎመኗን እያየች ፈቀደች። አገዳውን ቆራርጬ ተከልኩት። ክረምቱ ሲገባ ያ ሳር… ምን ልበላችሁ! ጠዋት ጉልበቴ ላይ ትቼው ማታ ወገቤ ላይ አገኘው ጀመር። መስከረም ሲጠባ ከቆርቆሮው አጥር በላይ ብቅ ብሎ ጎረቤቱን ቁልቁል ያይ ነበር። አንዱ ጎረቤት "ጅብ ይደበቅበታል" ብሎ ከሰሰኝ፣ ሌላው "ለበጌ እጭዳለሁ" ብሎ ለመነኝ። "ይህ መኖ አይደለም፤ ነዳጅ ነው" ብዬ በክብር መለስኩት። (አሁንማ የሚበላው ያው በግ ነው፤ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ነው የሚያኝከው።)

ከዚያ ወደ ፋብሪካው ሥራ ገባሁ። ሳሩን ከተፍኩ፣ ቀቀልኩ፣ በርሜል ውስጥ ከትቼ የዳቦ እርሾ ጨመርኩበት፣ ከደንኩት። ከሳምንት በላይ ጠብቄ ስከፍተው ክረምቱን ሙሉ ያልታጠበ ካልሲ የሚመስል ሽታ ወጣ። አጥልዬ አፈላሁትና እንፋሎቱን በቱቦ አቀዘቀዝኩ። ጠብ ጠብ ያለውን ፈሳሽ ማንኪያ ላይ አድርጌ ክብሪት ጫርኩበት። ክብሪቱ ጠፋ። ደግሜ ጫርኩ። ደግሞ ጠፋ። ሁለተኛውን በርሜል ሞከርኩ፤ እሱም ክብሪት ከማጥፋት በቀር ሌላ ሙያ አልነበረውም። አስቴር በኩሽናው በር ብቅ አለችና "በሬ ሆይ…" ብላ ጀምራ፣ ቀሪውን ለእኔ ትታልኝ ተመለሰች።

እዚህ ላይ ነው እትዬ ብርቄ የሚመጡት።

እትዬ ብርቄ አጥር የሚጋሩን፣ ከጎጃም የመጡ አዛውንት ናቸው። ልጆቻቸውን ያሳደጉት አረቄ አውጥተው በመሸጥ ነው፤ የሳቸውን አረቄ ፍለጋ ከ18 ማዞሪያ ድረስ የሚመጣ ሰው አለ። እኔም አሰብኩ። ማንጠር ማንጠር ነው! ፋብሪካ አነጠረው፣ እትዬ ብርቄ አነጠሩት፣ ምን ለየው?

ግን አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። እኔ ድሮ ጠጪ ነበርኩ። "አልፎ አልፎ ይቀማምሳል" የሚባለው ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ደመወዝ በተቀበልኩ ዕለት አስቴር ልጅ አዝላ ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት የምትፈልገኝ ዓይነት ነበርኩ። ልጃችን ሜላት አምስት ዓመቷ ሳለ ነው የተውኩት። ቸርች ገባሁ፣ መድረክ ላይ ቆሜ መሰከርኩ፣ ሰው አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት አንድ ጠብታ በአፌ አልዞረም። ስለዚህ የእትዬ ብርቄን ስም ሳነሳ አስቴር ምን ዓይነት ፊት እንዳሳየችኝ መገመት አያቅታችሁም።

"አረቄ የሚያወጡት እትዬ ብርቄ? በእኛ ጓሮ?"

"ሳይንስ ነው፣ አስቱ!"

"ሳይንሱን ከንፈርህ ላይ እንዳላገኘው።"

እትዬ ብርቄ መጡ፣ በርሜሌን አዩ፣ በጣታቸው አማሰሉ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይሄን ሁሉ ቀን በዚህ ነው የደከምከው? እናቴ ትሙት!" አሉና ሥራ አከፋፈሉ። "ሳሩን አንተ ክተፍ። ድፍድፉን ለኔ ተወው። ወንድ ልጅ ድፍድፍ ላይ ሲያንዣብብ አይፈላም።" እኔም ከተፋዬን ይዤ ራቅ አልኩ። ባለሙያን ማክበር ከስልጠናው የያዝኩት ብቸኛ ቁም ነገር ነው።

ሦስተኛው በርሜል ተነጠረ። ማንኪያው ላይ ክብሪት ጫርኩበት።

ሰማያዊ! ሰማያዊ ነበልባል! ማንኪያው እጄን እስኪያቃጥለኝ ድረስ ቆሜ አየሁት። ከሳር! ከገዛ ጓሮዬ! ወዲያው ለአሰልጣኙ ደወልኩለት።

"ተሳካ! ኢታኖል አወጣሁ!"

"የት ነው ያወጡት፣ ጋሼ?" አለኝ።

"ጓሮዬ ነዋ!"

"ጋሼ… የሳር ስኳር እኮ የተቆለፈ ነው። ያን ዕለት እንዳስረዳሁት፣ እሱን የሚከፍት ኢንዛይም ይፈልጋል፣ ትልቅ ፋብሪካ ይፈልጋል። ዋናው ችግር ያልኳችሁ እሱን ነበር። ላብራቶሪ አለዎት?"

"እትዬ ብርቄ አሉኝ" አልኩትና ስልኩን ዘጋሁት። ቅናት ነው። ሌላ ምን ይሆናል?

ታዲያ ነበልባሉ ብቻውን አልመጣም፤ ሽታም ይዞ መጣ። ጠረኑ ከጓሮ ተነስቶ በሳሎን አልፎ በር ላይ እንግዳ ይቀበል ጀመር። በየረቡዑ እኛ ቤት የሚደረገው የሰፈር ጸሎት "ለጊዜው" ወደ ሌላ ቤት ተዛወረ። ምክንያቱን የነገረኝ የለም፤ ሰላምታ የሚሰጡኝ ምዕመናን ግን እጄን ጨብጠው ጠጋ ሲሉ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሲስቡ አያለሁ። አንድ ቀን ሳር ስከትፍ አስቴር መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

"ተፈራ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እውነቱን ንገረኝ።"

"ጠይቂኝ።"

"ጀምረሃል?"

"ነዳጅ ነው አልኩሽ እኮ! ነበልባሉን አላሳየሁሽም?"

"ይህን ሽታ ዓይኔ ተጨፍኖም አውቀዋለሁ" አለች ቀስ ብላ። "ስንት ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ።"

እባብ ያየ በልጥ ይደነግጣል። ግን ምን ደነገጥሽ ብዬ ልቆጣት አልቻልኩም፤ እባቡ እኔ ነበርኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጥርስ ነክሼ የሠራሁት ስም በአንድ በርሜል ሽታ ሲጠፋ አየሁና፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቢላዬን አስቀምጬ አለቀስኩ። ሽንኩርት እንዳልልም የምከትፈው ሳር ነው።

በዚህ መሀል ሜላት አዲስ ወሬ ይዛ መጣች። ሜላት ነርስ ናት፤ ናሆም ከሚባል የአስኮ ልጅ ጋር ከተዋደዱ ሁለት ዓመታቸው ነው። የናሆም ቤተሰቦች እንደ እኛው ጴንጤዎች ናቸው፤ ብቻ እነሱ ጠበቅ ያሉ ናቸው።

"አባዬ፣ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ሽማግሌ ይልካሉ" አለችኝ።

"እሰይ!"

"እሰይ አትበል ገና። 'አባትየው ወደ መጠጥ ተመልሷል' ብሎ የነገራቸው ሰው አለ። እውነት ከሆነ ጉዳዩን አያነሱም፤ መርቀው ይሄዳሉ። አባዬ፣ እባክህ… ያን በርሜል አስወግድልኝ።"

"ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ በርሜል የሚባል ነገር እዚህ ግቢ የለም!" አልኳት። ከልቤ ነው። ግን ዓርብ ዕለት እትዬ ብርቄ በርሜሉን ከፍተው "ደርሷል፤ ነገ ካልወጣ ይበላሻል" አሉኝ። እኔም አሰላሁት። ጎህ ሲቀድ ብንጀምር፣ ሁለት ሰዓት ላይ ብንጨርስ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ጓሮው ታጥቦ ይጠብቃቸዋል። ጂኦግራፊ ስላስተማርኩ ሒሳብ የማልችል እንዳይመስላችሁ። የረሳሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአገራችን ሽማግሌ ሦስት ሰዓት ከተባለ አንድ ተኩል ላይ ነው በር የሚያንኳኳው። ቤተሰቡን ሳይኳኳል ለማየት!

የፈሩት ይደርሳል፤ ደረሰ። አስቴር በሩን ስትከፍት ሦስት ሰዎች ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ከፊት ያሉት ጋሽ በየነ ይባላሉ፤ የናሆም የአባቱ ታላቅ ወንድም ናቸው። ነጭ ፀጉር፣ ቀጥ ያለ ወገብ፣ ሰውን እንደ ኤክስሬይ የሚያሳልፍ ዓይን። ከጓሮ እጄን እየጠረግሁ ሮጬ መጣሁ።

"ግቡ፣ ግቡ! ተቀመጡ!"

"አንቀመጥም" አሉ ጋሽ በየነ። "ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው።"

"ጉዳዩን ቁጭ ብላችሁ…"

"ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም።"

ወጉ ነው፤ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ያን ዕለት ግን የቆመ ሰው አፍንጫው ከጓሮ መስኮታችን ጋር እኩል ይመጣል። አንደኛው ሽማግሌ አሳላቸው። ሁለተኛው መሀረብ አወጡ። ጋሽ በየነ ግን ምንም ሳይሉ በረጅሙ ወደ ውስጥ ሳቡ። አስቴር እኔን እንዳታይ ጣሪያውን ታያለች። እኔ ስለ አየር ንብረት ማውራት ጀመርኩ… ይኸኔ ከጓሮ የእትዬ ብርቄ ድምፅ ተሰማ፤

"ተፈራ! ጅሪካኑ ሞልቷል! ሌላ ይዘህ ና!"

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

"ጓሮውን ብናየው ቅር ይልዎታል፣ አቶ ተፈራ?" አሉ ጋሽ በየነ።

ምን ይለኛል? ወጣን። በርሜሉ ይንተከተካል፣ ቱቦው ያንጠባጥባል፣ እትዬ ብርቄ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከነሙሉ ክብራቸው ተሰይመዋል። ሮጬ ገብቼ የምስክር ወረቀቴን ይዤ ተመለስኩና ንግግር ጀመርኩ። "ይህ የምታዩት ባዮ ኢነርጂ ነው! ዝሆኔ ሳር ይባላል! አገራችን ለነዳጅ የምታወጣውን…" በጅሪካኑ ክዳን ቀዳሁና ክብሪት ጫርኩበት። ሰማያዊ ነበልባል ቦግ አለ። "አያችሁ? የሚጠጣ ነገር እንዲህ ይነዳል?"

ጋሽ በየነ ጎንበስ ብለው ጅሪካኑን አሸተቱ።

"ደህና አረቄ እንዲህ ይነዳል" አሉ።

"አረቄ አይደለም! ከሳር የወጣ ኢታኖል ነው!"

እንደገና አሸተቱ። "የገብስ ብቅል አለበት። ጌሾውም አልተሳሳበትም። ገና አልተደገመም እንጂ ሲደገም ጥሩ ይወጣዋል።"

አስቴር የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። ከኋላችን የወጣችው ሜላት አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ ወደ ባለሙያዬ ዞርኩ።

"እትዬ ብርቄ፣ ይንገሯቸው እንጂ! ከሳር አይደለም?"

እትዬ ብርቄ መሬት መሬት እያዩ "ሳርም አለበት" አሉ።

"ሳር… *ም*?"

"ላዩ ላይ።"

"እትዬ ብርቄ!"

"ምን ላድርግ ታዲያ?" አሉ። "ስትከትፍ ትውላለህ፣ ስትቀቅል ታመሻለህ። ያቺን ክብሪት ጭረህ ስትጠፋብህ ፊትህን በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። ጡረታ የወጣ ሰው ልቡ ከተሰበረ አይጠገንም፣ የኔን ባል አይቻለሁ። ሳር ብቻውን የት አገር ነው የሚፈላው? ከቤቴ ብቅልና ጌሾ አምጥቼ ጨመርኩበት። ሰማያዊውን እሳት አይተህ ስትዘል… እንዴት ልንገርህ?"

ለካ ያ ሁሉ ሳይንስ የአንዲት ጎረቤት ርኅራኄ ነው! ሳሩ ስኳሩን እንደቆለፈ ነው፤ አንዲት ጠብታ አልሰጠኝም።

ግን መሬት ውጠኝ ያሰኘኝ እሱ አይደለም። አስቴር ባልዲው ላይ እንደተቀመጠች "እንግዲያው አረቄ ነው" አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። "ሁለት ወር ሙሉ እቤቴ ውስጥ የነበረው አረቄ ነው።" ያን ድምጿን ሃያ ዓመት አልሰማሁትም ነበር። ሜላት ሽማግሌዎቹን ታያለች፤ ባርኔጣቸውን ሊያጠልቁ ምንም አልቀራቸውም። ከዚህ በኋላ ብምል ማን ያምነኛል? ጠጪ የማይምልበት ነገር እንደሌለ እኔ ራሴ መድረክ ላይ የመሰከርኩ ሰው ነኝ።

"ቀምሰውታል?" አሉኝ ጋሽ በየነ።

"እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አንድ…"

"አይማሉ፤ መሐላ አያስፈልግም" አሉና ወደ አስቴር ዞሩ። "እመቤት፣ ባለቤትዎ ድሮ ይጠጡ ነበር ይባላል። እውነት ነው?"

"እውነት ነው" አለች።

"አረቄ ያውቁ ነበር?"

"የትኛው ሰፈር እንደወጣ በአንድ ጉንጭ ይለዩ… ይለይ ነበር።"

"እንግዲያው" አሉ ጋሽ በየነ ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞረው፣ "ይህ ሰው ከዚህ ጅሪካን አንዲት ማንኪያ ቀምሶ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቅጽበት አረቄ መሆኑን ያውቅ ነበር። ጠጪ ደግሞ ያለውን ይደብቃል። እሱ ግን ሰው ጓሮው ድረስ አስገብቶ፣ ወረቀት ዘርግቶ፣ እሳት አንድዶ 'ነዳጅ ነው' ብሎ ይሟገተናል! ሁለት ወር አረቄ እያወጣ አረቄ መሆኑን ያላወቀ ሰው…" ትንሽ ቃል ፈለጉ። "ንጹሕ ነው። ሌላም ነገር ነው፣ ግን ንጹሕ ነው።"

መጀመሪያ የሳቀችው አስቴር ናት። እያለቀሰች ነው የሳቀችው። ተነስታ መጣችና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ "ሞኝ ነህ" አለችኝ፤ "ተመስገን፣ ሞኝ ነህ!" ብዙ ሙገሳ ሰምቻለሁ፤ መድረክ ላይ ተጨብጭቦልኛል። እንደዚያ ዕለት የተመሰገንኩበት ቀን ግን የለም። እትዬ ብርቄ እልል አሉ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። የሰለጠነ ሰው ግን ዝም አይልም… ጥያቄ መጠየቅ ለምዷል።

"ጋሽ በየነ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና" አልኩ። "ሳይቀምሱት፣ በጠረኑ ብቻ፣ ብቅሉን፣ ጌሾውን፣ አለመደገሙን… እንዴት አወቁ?"

አንደኛው ሽማግሌ ዝሆኔ ሳሩን በጣም በትኩረት ማየት ጀመሩ። ሁለተኛው እንደገና መሀረባቸውን አወጡ። ጋሽ በየነ ጅሪካኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጅሪካኑን አዩ። ከዚያ ያ ቀጥ ያለ ወገባቸው ቀስ ብሎ ላላና፣ የልመናው መልስ ሳይሰጣቸው፣ ማንም ተቀመጡ ሳይላቸው፣ አስቴር የተነሳችበት ባልዲ ላይ ቁጭ አሉ።

"በል ወንድሜ" አሉኝ፣ "ልጅህን ስጠን።"

ሰጠናቸው። "ቤተ ዘመድ እናማክር፣ በሳምንቱ ተመለሱ" የሚለውን ወግ እንኳ አላደረስነውም፤ አረቄን እኩል ከምናውቅ ሰዎች መሀል ማን በማን ላይ ይኮራል?